ስኳርና ውፍረት ልጅ መውለድን እንዴት ያዘገያሉ? ከእርግዝና በፊት ማወቅ የሚገባን



አንዲት ልጅ ካገባች ገና ዓመት ሳይሞላት "ምነው፣ አሁንም ገና ነው?" የሚለው ጥያቄ ይጀምራል። በሠርግ ይጠየቃል፣ በተዝካር ይጠየቃል፣ ቡና ሲጠጣ ይጠየቃል። ሁለተኛው ዓመት ሲያልፍ ጥያቄው ይቆምና ሐሜት ይተካዋል። ሐሜቱ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ሚስትየዋ ነው። "መካን ናት" ይባላል፣ "የእገሌ እርግማን ደርሶባት ነው" ይባላል። ባልየውን የሚጠይቅ የለም። ደሙን ያስመረመረም ብዙ ጊዜ የለም።

እዚህ ረሆቮት በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ከቤተሰቦቻችን ጋር ስሠራ፣ በዚህ ምክንያት የተናጋ ትዳር በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በደም ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ነገር ሳይመረመር ይቀርና በባልና በሚስት፣ በአማትና በምራት መካከል የቅያሜ ምንጭ ይሆናል። ልጅ የሚዘገይባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን አንዱን ነው። እርሱም የስኳር በሽታ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ልጅ መውለድ ያላቸው ግንኙነት ነው። መልእክቱ አጭር ነው፤ ልጅ የምትፈልጉ ባልና ሚስት፣ ወፍራምም ሁኑ ቀጭን፣ ከእርግዝና በፊት ሁለታችሁም ስኳራችሁን ተመርመሩ።

ከባዝራ የምንማረው

በጎንደርና በትግራይ ገጠር ያደጋችሁ ወላጆች ባዝራን በደንብ ታውቃላችሁ። በቅሎ የሚገኘው ከባዝራና ከአህያ ስለሆነ ጥሩ ባዝራ ያለው ገበሬ የተከበረ ነበር። በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። በአገር ቤት ፈረስ ሣር ግጦ፣ ዳገትና ቁልቁለት ወጥቶ ወርዶ ስለሚኖር ከመጠን በላይ የሚወፍር ፈረስ እምብዛም አልነበረም። በሀብታም አገሮች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈረሱ በጋጣ ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ ገብስና አጃ በብዛት ይቀርብለታል፣ ሥራ የለውም። በዚህ የተነሳ የእንስሳት ሐኪሞች ከሰው የስኳር ችግር ጋር የሚመሳሰል በሽታ በፈረሶች ላይ ያያሉ። የፈረሱ አንገት ላይ ስብ ይከመራል፣ በደሙ ውስጥ ኢንሱሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ይበዛል፣ ሲብስም ኮቴው ውስጥ ታሞ መራመድ ያቅተዋል።

ይህ በሽታ የባዝራን መውለድም ይነካል። ጤነኛ ባዝራ ቀኑ ረዘም በሚልበት ወራት በየ21 ቀኑ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ በክረምት፣ ቀኑ ሲያጥር፣ ታርፋለች። በጣም የወፈረችና ኢንሱሊኗ የተዛባ ባዝራ ግን ቆጠራዋ ይበላሻል። አንዳንዷ በክረምት ማረፏን ትተዋለች፣ አንዳንዷ ደግሞ እንቁላል የምትለቅበት ጊዜ እየተራራቀ ይሄዳል። ከመጠን በላይ የከሳችም እንዲሁ ለመፀነስ ትቸገራለች። በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ የፈረስ ተመራማሪዎች የባዝራን ሥጋ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ነጥብ መለካት የጀመሩት ይህን ስላዩ ነበር። 1 አጥንቷ የቀረ፣ 9 ደግሞ ስቡ የሞላባት ማለት ነው።

የባዝራዋን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባዝራ ስትወፍርና ሳትፀንስ ስትቀር "ተረግማ ነው" የሚል የለም። በወጣትነቷ ያደረገችውን የሚቆጥርባት አማትም የላትም። ሐኪሙ ደሟን ይመረምራል፣ ባለቤቷ ገብሱን ይቀንስላታል፣ በየቀኑ ያንቀሳቅሳታል፣ የመፀነሻዋ ወራት ከመድረሱ በፊት ሰውነቷን ያስተካክሉላታል። በከተማችን የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ በሥሩ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ለፈረስ የሚሰጠው ሕክምና በዚህም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ለፈረስ የምናደርገውን ለልጆቻችን የማናደርግበት ምክንያት የለም።

በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ሆዳችን ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ በደም ተጉዞ ወደ ሥጋችን እንዲገባ በር የሚከፍተው ቁልፍ ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊንን የሚሠራው ቆሽት ነው። ሰው ሲወፍር፣ በተለይም ስቡ በሆዱ ዙሪያ ሲጠራቀም፣ በሩ እንደ ዛገ ቁልፍ ጋን ይሆናል። አንዱ ቁልፍ አልከፍት ሲል ቆሽት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቁልፍ ይልካል። ስለዚህ ስኳሩ ገና ከፍ ሳይል ኢንሱሊኑ ለዓመታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ቆሽት ሲደክም ነው ስኳሩ በደም ውስጥ ከፍ የሚለውና "የስኳር በሽተኛ" የምንባለው።

ታዲያ ይህ ከማህፀን ጋር ምን አገናኘው? የሴት ልጅ እንቁላል የሚበስልበት ክፍል ለኢንሱሊን ስሜት አለው። ኢንሱሊን ሲበዛበት የወንድ ሆርሞን የሚባለውን አብዝቶ ያመርታል። የወንድ ሆርሞን ሲበዛ እንቁላሉ ሳይበስል መንገድ ላይ ይቀራል። እንቁላል ካልተለቀቀ ደግሞ የሚፀነስ ነገር የለም። በዚያ ላይ ስብ ራሱ ሆርሞን ያመርታል፤ ወደ አእምሮ የሚሄደው መልእክት ይዛባና የወር አበባ ይዘበራረቃል። በዕብራይስጥ ሻሕሎት ፖሊጺስቲዮት የሚባለው ችግር በብዙ ሴቶች ላይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ምልክቶቹ የወር አበባ መራራቅ፣ በፊትና በአገጭ ላይ ፀጉር መብቀል፣ ብጉር፣ እንዲሁም አንገትና ብብት ላይ እንደ ቆሻሻ የሚመስል ታጥቦ የማይለቅ ጥቁረት ናቸው። ይህ የአንገት ጥቁረት ብዙ ጊዜ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ነው። እያሻሹ ማጠብ አያስለቅቀውም፤ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ችግር ሊስተካከል የሚችል መሆኑ ነው። የእንቁላሏ ነገር በውፍረት የተዛባባት ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ ብዙ ጊዜ የወር አበባዋ ወደ ቦታው ይመለሳል። 80 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ ማለት ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው። እንደ ሞዴል መክሳት አያስፈልግም። ከልክ በላይ መክሳትም የወር አበባን ያጠፋል።

ለምን በእኛ ላይ በረታ?

ወላጆቻችን በ1984ና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብዙም የሚታወቅ አልነበረም። ነገር ግን ገና በ1988 በታተመ የሕክምና ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ላይ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱ ተጽፏል። ከዚያም በሃዴራ የሂሌል ያፌ ሆስፒታል የሆርሞንና የስኳር ሐኪም የሆኑት ዶክተር አናት ያፌ ከማኅበረሰቡ ባለሙያዎች ጋር በመሆን "ጤና ብሪኡት" የተባለውን ማኅበር አቋቁመው፣ በቋንቋችን ስለ ስኳር ማስተማር ጀመሩ። በኋላ የወጡ ጥናቶች አንድ ትልቅ ነገር አሳይተዋል። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ከሌላው እስራኤላዊ ይልቅ በወጣትነቱና ክብደቱ ብዙ ሳይጨምር በስኳር በሽታ ሊያዝ ይችላል።

ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቡት። "እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም" የሚለው አባባል ለእኛ አይሠራም። ሐኪሙም ቀጭን መሆናችሁን አይቶ ምርመራውን ላያዝ ይችላል። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ።

ምክንያቱ ምንድነው? ሥጋችን ያው ነው፣ ኑሯችን ነው የተለወጠው። በአገር ቤት እናቶቻችን ውኃ ለመቅዳት ወንዝ ይወርዱ ነበር፣ እንጨት ይለቅሙ ነበር፣ እህል በወፍጮ ድንጋይ ይፈጩ ነበር። አባቶቻችን ያርሱ፣ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ገበያ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ምግቡም የጤፍ፣ የዳጉሳና የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነበር። ሥጋ ለበዓል ነበር። እዚህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ እንጀራውን ከነጭ ዱቄት ይጋግራል፣ ወጡ ዘይት ይበዛበታል፣ ልጁ ከማኮሌት ኮላና ቢስሊ ይገዛል። ሥራው በፋብሪካ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ነው፤ መንገዱ በአውቶቡስ ነው። የማታ ፈረቃ የሚሠሩ እናቶችም ምግባቸውና እንቅልፋቸው ሰዓት የለውም።

ቡናችንንም እንይ። በአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር የምትጨምር ሴት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትጠጣ 6 ማንኪያ ትወስዳለች። ቡናው በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ 12 ማንኪያ ይሆናል፤ ይህም ወደ 50 ግራም ስኳር ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ኮላ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው። ቡናው ይቅር ማለቴ አይደለም። ቡና የጎረቤት መገናኛችን ነው። የሚቀረው ስኳሩ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንሱ ምላስ ይለምደዋል።

ሌላው ቋንቋችን ነው። "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" እንላለን። በአገር ቤት ክሳት የረሃብና የበሽታ ምልክት ስለነበረ አባባሉ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ግን ልጅ እየፈለገች ላለች ሴት ይህ ምርቃት አይደለም።

የወር አበባን መቁጠር

በአገር ቤት ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ የመርገም ጎጆ ትገባ ነበር። ስለዚያ ሥርዓት ዛሬ የተለያየ አስተያየት አለ፤ እርሱን ለሽማግሌዎችና ለቄሶቻችን ልተወው። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው። በዚያ ሥርዓት የሴት ወር ይቆጠር ነበር። ሁለት ወር ሳትወጣ የቀረች ሴት፣ ወይም አሁንም አሁንም የምትወጣ ሴት፣ እናቷም ጎረቤቶቿም ያውቁ ነበር። እዚህ ጎጆው የለም። ያለ ጎጆው ቆጠራውም ጠፋ። ብዙ ወጣት ሴቶች "መጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?" ሲባሉ አያስታውሱም። ስድስት ወር ሳያዩ ቆይተው "የሥራ ድካም ነው" ብለው ያለፉ አጋጥመውኛል።

ስለዚህ እናቶች ለልጆቻችሁ ይህን አስተምሯቸው። የመጀመሪያውን ቀን በየወሩ በስልካቸው ወይም በደብተር ይጻፉ። ከ21 ቀን ያነሰ ወይም ከ35 ቀን የበለጠ ልዩነት ከተደጋገመ፣ ወይም እርግዝና ሳይኖር ሦስት ወር ከቀረ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ላላገባች ልጅም ነው። ስለ ወር አበባ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የልጅቷንም ክብር አይነካም።

ወንዱስ?

ልጅ ሲዘገይ ምክንያቱ በባልየው በኩል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ በእርሱ ብቻ፣ አንዳንድ ጊዜ በሁለቱም ይገኛል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የወንድን ሆርሞን ይቀንሳል። ለዓመታት ያልታከመ ስኳር ደግሞ ደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ ወንድነትን ያዳክማል፣ ዘሩንም ያበላሻል። ብዙ ወንዶች ይህን ለሐኪም ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጣሉ። አንዳንዱም መጠጥ ያበዛል፣ መጠጡም ነገሩን ያባብሰዋል። በእኛ አገር "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። የወንድ ዘር ምርመራ ቀላል ነው፣ አያምም፣ በኩፓት ሆሊም ይሠራል። ሚስት ብዙ ምርመራ ከማለፏ በፊት የባልየው ምርመራ አብሮ መሠራት አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወቱ በሆነ ወቅት ልጅ በመውለድ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ችግሩ የሁሉም ሕዝብ ነው፣ በእኛ ብቻ የመጣ መርገም አይደለም።

ከተፀነሰ በኋላ

ስኳር መፀነስን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። የሕፃኑ ልብ፣ አከርካሪና አእምሮ የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ዋናው ሥራ አልቋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። በነዚያ ሳምንታት የእናትየው ስኳር ከፍተኛ ከሆነ ፅንሱ የመጨንገፍ ወይም በአፈጣጠሩ ላይ ጉድለት የመያዝ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ነው ምርመራው ከእርግዝና በፊት ነው የምንለው። ጢፓት ሃላቭ እስክትደርሱ ብትጠብቁ ያ ጊዜ ያልፋል።

ቀድሞ ስኳር ያልነበረባት ሴትም በእርግዝና ወቅት ሊይዛት ይችላል። ይህ የእርግዝና ስኳር ይባላል። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ጣፋጭ ውኃ አጠጥተው ደም የሚወስዱት፣ በዕብራይስጥ ሀዓማሳት ሱካር የሚሉት ምርመራ ለዚህ ነው። "ያቅለሸልሸኛል" ብላችሁ አትተዉት። የእርግዝና ስኳር ካልታከመ ሕፃኑ ከመጠን በላይ ይተልቃል፣ ምጡ ይከብዳል፣ ሕፃኑም ሲወለድ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከወለዱ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ግን "ጠፋ" ብሎ መርሳት አይገባም። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋላ ዕድሜዋ የስኳር በሽተኛ የመሆን ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግማ ትመርመር፤ ከዚያም በየጊዜው፣ በተለይም ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጅ ለመውለድ ካሰባችሁ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ሮፌ ሚሽፓሃ ዘንድ ሁለታችሁም ሂዱ። በጾም የሚወሰድ የስኳር ምርመራና ሄሞግሎቢን መሱክራር የሚባለውን የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ጠይቁ። በጾም ከ100 በታች ደህና ነው፣ ከ100 እስከ 125 የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው፣ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ተመርምሮ የስኳር በሽታ መሆኑ ይረጋገጣል። ስኳር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት የሦስት ወሩ ውጤት በተቻለ መጠን ከ6.5 በታች እንዲሆን ከሐኪሟ ጋር ትሥራ።

ሁለተኛ፣ ሑምጻ ፎሊት የሚባለውን ቫይታሚን ከእርግዝና ሦስት ወር በፊት ጀምሩ። የተለመደው መጠን በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው። ስኳር ላለባት ወይም በጣም ለወፈረች ሴት ሐኪም የበለጠ ሊያዝ ስለሚችል ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩ። አንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ኪኒኖች ለፅንስ አይሆኑም። በቅርብ ዓመታት ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው እንደ ኦዜምፒክ ያሉ የማክሻ መርፌዎችም እንዲሁ ናቸው። በኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከእርግዝና ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት። አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ፤ በመርፌው የከሳች ሴት እንቁላሏ ሊመለስና ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። በሌላ በኩል ደግሞ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው። የሚያቆመውም የሚለውጠውም ሐኪም ነው።

አራተኛ፣ ምግባችንን አንጣል፣ እናስተካክለው። ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ጎመን ጥሩ ምግቦች ናቸው። ዘይቱን በዓይን አትገምቱ፣ በማንኪያ ለኩ። ጤፍ ወይም ሙሉ ዱቄት ቀላቅሉበት። በትሪው ላይ ወጡና ጎመኑ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። ከጋራ ትሪ ስንበላ ምን ያህል እንደበላን አናውቅም፤ ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እንጀራውን ቆርጦ በፊቱ ያስቀምጥ። ጉርሻም በፍቅር ቢሆንም ይቆጠራል። ዲኤታኒት የምትባለው የምግብ ባለሙያ በኩፓት ሆሊም አለች። ሰላጣ ብቻ ብላ የሚል ወረቀት ከሰጠቻችሁ "እኔ የምበላው እንጀራ ነው፣ በእርሱ አስተካክይልኝ" በሏት።

አምስተኛ፣ ተራመዱ። በሳምንት 150 ደቂቃ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከቂርያት ሞሼ እስከ ሹክ በእግር ሄዶ መመለስ ጂም አያስከፍልም። ሴቶች ተጠራርታችሁ ማታ ማታ ብትሄዱ ለአካልም ለልብም ይጠቅማል።

ስድስተኛ፣ ጾምን በተመለከተ። በኪፑርና በስግድ መጾም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ እንዲሁም እርጉዞች፣ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን፣ ከዚያም ቄሱን ወይም ረቡን ጠይቁ። ሕይወትን መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ሰባተኛ፣ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልተፀነሰ፣ ሚስትየዋ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልተፀነሰ፣ አትጠብቁ። ከጥር 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ መሠረት የመካንነት ሕክምና መብታችሁ ነው። በላቦራቶሪ የሚደረገው ማዳበር እንኳ እስከ ሁለት ልጅ ድረስ፣ በራሷ እንቁላል እስከ 45 ዓመቷ ላለች ሴት በመንግሥት ይሸፈናል። ነገር ግን ስኳሩና ክብደቱ ካልተስተካከለ ይህ ሕክምናም ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያው ምዕራፍ ያው የደም ምርመራው ነው።

ስለ መተማመንና ስለ ቋንቋ

አንዳንድ እናቶች "ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደግሞ ምን ሊሰጡኝ ነው?" ይላሉ። ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 በቴሌቪዥን በቀረበ ዝግጅት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ምንነቱን በሚገባ ሳይረዱ እንደተወጉ ተናገሩ። በጥር 2013 በወቅቱ የጤና ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ፣ ሴትየዋ ውጤቱን መረዳቷ ካጠራጠረ መርፌው እንዳይታደስ ለአራቱም ኩፓት ሆሊም መመሪያ ሰጡ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያደረገው ምርመራ መርፌው በግድ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘም። የብዙ ሴቶች ልብ ግን እስከ ዛሬ አልጠገነም። ለጉዳያችን ማወቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ይህ መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል፣ ከተተወ በኋላም መፀነስ ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። ለዘለዓለም ግን መካን አያደርግም። መርፌውን ወስዳችሁ ከነበረ መቼ እንዳቆማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ያለፈው እንዳይደገም መፍትሔው ከሐኪም መራቅ አይደለም፣ መጠየቅ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲገለገል የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ስለ ማህፀናችሁ አታስተርጉሙ፤ ልጁም ይሸማቀቃል፣ እናንተም እውነቱን አትናገሩም። ከመፈረማችሁና ከመወጋታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ለምንድነው? ምን ጉዳት አለው? ሌላ ምርጫ አለ?

ለአማቶች፣ ለአባቶችና ለቄሶቻችን

በመጨረሻ ቃሌን ወደ ታላላቆቻችን ላድርግ። እናንተ የምትሉት ነገር በወጣቶቹ ቤት ውስጥ ትልቅ ክብደት አለው። "መቼ ነው የልጅ ልጅ የማየው?" ከማለት "ሁለታችሁም ተመርምራችኋል ወይ? እኔ ልከተላችሁ?" ብትሉ ትዳር ታድናላችሁ። ምራት ስኳር እንዳለባት ሲታወቅ ለብቻዋ ምግብ አታብስሉላት። ቤቱ ሁሉ ዘይትና ስኳር ይቀንስ፤ ለናንተም ጤና ነው። ቄሶቻችንም ሊጋቡ ለሚመጡ ልጆች ምክር ስትሰጡ፣ ከምክሩ ጋር "ደማችሁን ተመርመሩ" የሚል አንድ ቃል ብትጨምሩ ይሰማችኋል።

ሁሉም ስኳር የተገኘበት ሰው ልጅ ያጣል ማለት አይደለም። ስኳራቸውን ተቆጣጥረው ጤነኛ ልጆች የወለዱ፣ እዚሁ ካፕላን ሆስፒታል የወለዱ እናቶች በመካከላችን አሉ። ሁሉም ሕክምናም ልጅ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ይህንንም በእውነት መናገር ይገባል። ነገር ግን ሳይመረመሩ መወቃቀስ ማንንም ወላጅ አድርጎ አያውቅም። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። በዚህ ሳምንት ወደ ሮፌ ሚሽፓሃ ደውላችሁ ቶር ያዙ፤ ስትሄዱም ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

እግዚአብሔር ቤታችሁን በልጅ ድምፅ ይሙላው።